የጌጤን ጠጅ ማን ደፋው?

ጋኑ አልተሰበረም። ባሻ አያሌው ከሁሉ በፊት ያየው ይህንን ነው።

ጠጅ ሊሰርቅ የመጣ ሰው ይጠጣል። በምቀኝነት የመጣ ደግሞ ጋኑን በድንጋይ ይለዋል። የጌጤ ትልቁ ጋን ግን ታጥቦ፣ እንደሚደርቅ ዕቃ አፉን ወደ መሬት አድርጎ ተደፍቶ ነበር። ከጓሮው በር እስከ ቦዩ ድረስ መሬቱ ረጥቧል። ቦዩን ንብ ወርሮታል።

"ሙሉ ነበር?" አለ ባሻ።

"እስከ አንገቱ" አለች ጌጤ። በሩ ላይ ቆማለች እንጂ ወደ ውስጥ አልገባችም።

"ለመጨረሻ ጊዜ ያየሽው መቼ ነው?"

"ማታ ከድኜው ተኛሁ። ጎህ ሲቀድ ኪዳን ላስደርስ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ስመለስ እንዲህ ሆኖ ቆየኝ።"

"ማንን ትጠረጥሪያለሽ?"

"ማንንም።"

ባሻ ቀና ብሎ አያት። በደብረ ታቦር የከተማው ሹም ወንጀል መርማሪ ሆኖ ሲኖር፣ ንብረቱ ጠፍቶበት ማንንም የማይጠረጥር ሰው አጋጥሞት አያውቅም። ዶሮ የጠፋባት ሴት እንኳን ሰፈሩን በሙሉ ትጠረጥራለች።

ነገሩ ተራ ጠጅ ቢሆን ባሻም ባልተጠራ ነበር። የጋፋት ፈረንጆች ብረት ማቅለጥ ከጀመሩ ወዲህ ከተማው ሰው በዛበት፤ ሰው ሲበዛ ጠጪም በዛ። ሹሙ ቀኛዝማች ወርቁ "ያለ ፈቃዴ ጠጅ የሚሸጥ እንዳይኖር" ብለው አዋጅ አስነገሩ። ለአበራሽ ፈቀዱ፣ ለጌጤ ከለከሉ። አንድ ጠጅ ቤት ይበቃል ነው ምክንያታቸው። ጌጤ ባሏን ዘመቻ የበላባት ሴት ናት። ፈቃዱን ካላገኘች ቤቷን ዘግታ እብናት ትወርዳለች፤ እዚያ በባሏ ወንድም ቤት የሰው እጅ እያየች መኖር ነው የሚጠብቃት። ስለዚህ ይግባኝ አለች። ዳኞቹም "ጠጅዋን ቀምሰን እንፈርዳለን" ብለው ቀጠሩ። ቀጠሮው ነገ ነበር።

ባሻ ወደ መውጫው ሲያመራ እግሩ አንድ ነገር ነካ። ከግድግዳው ሥር፣ በጨርቅ የታሰረች ትንሽ ማሰሮ። ፈታና አሸተታት። አምቡላ ነው፤ ከጠጅ ሥር የሚቀረው፣ ለሚቀጥለው ጠጅ እርሾ የሚሆነው።

"ይህን ማን አኖረው?"

"እኔ እንጃ" አለች ጌጤ፤ ፊቷን አዞረች።

ባሻ ማሰሮዋን እንደነበረች አስሮ መለሳት። አንድ ጋን ጠጅ ደፍቶ አምቡላውን ቆጥቦ የሚያስቀምጥ ሌባ ጠጅ መጣል የሚያውቅ ሌባ ነው። በከተማው ደግሞ ከጌጤ ሌላ ጠጅ የምትጥል አንዲት ሴት ብቻ ናት።

*

አበራሽ በሯ ላይ ጌሾ ስትወቅጥ አገኛት። ሰፊ ሴት ናት፤ ሳቋም ሰፊ ነው።

"ባሻ! ዛሬ ልጋብዝዎ ነው ወይስ ልታሰር ነው?"

"እንደ መልስሽ ነው። ጎህ ሲቀድ የት ነበርሽ?"

"ከጎረቤት። ሙላቴ ምጥ ይዟት ሌሊቱን ጀርባዋን ስደግፍ አደርኩ። ወንድ ልጅ ተገላገለች። ካላመኑ ልጁን ይጠይቁት፣ እስካሁን እየጮኸ ነው።"

ጩኸቱ እውነትም ይሰማል። ባሻ ፈገግታውን ዋጠ።

"ጌጤ ፈቃድ ብታገኝ ገበያሽን ትካፈልሻለች።"

"ትካፈለኝ!" ዘነዘናውን ለቀቀችው። "ያን ሁሉ የጋፋት ሰካራም ብቻዬን የምሸከመው እስከ መቼ ነው? አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይፎክራል፣ አንዱ በሬ ላይ ይተኛል። እኩሌታውን ትውሰድልኝ። ለዚያ ለተደፋው ጠጅ ጌሾውን ያበደርኳት ማን ሆነና?"

"አንቺ ነሽ?"

"ይጠይቋት። እያቅማማች ነው የወሰደችው፣ መለመን አትወድም።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "በበሩ ያዩዎት ጎረቤቶች ነገሩኝ፣ አምቡላው ተቀምጧል አሉ። ባሻ፣ አምቡላ አስቀምጦ የሚደፋ ሌባ ካገኙ ወደ እኔ ይላኩት። አገባዋለሁ።"

*

የቀኛዝማች ወርቁ ግቢ ነገ ለሚቀመጠው ችሎት እየተሰናዳ ነበር። የጎተራው ጠባቂ ደሳለኝ ቀጭን ሰው ነው፤ ከጎተራው አንድ ነገር በወጣ ቁጥር ከሥጋው የሚቀነስ ይመስለዋል።

"ጠጁ ተደፋ የሚለውን ስትሰማ ደስ ብሎሃል አሉ" አለው ባሻ።

"ደስ ብሎኛል፤ ምን እደብቅሃለሁ? ታውቃለህ እንዴ ባሻ፣ አንድ የጠጅ ችሎት ስንት እንደሚበላ? ዳኞቹን የምናበላ እኛ ነን። ሲበሉ ይቆያሉ፤ ሲቆዩ ይበላሉ። የአበራሽ ፈቃድ በዳኞች ሲታይ ነገሩ ከጥምቀት በፊት ተጀምሮ ጾም ሲገባ ነው የቆመው። ለምን ቆመ? ሥጋ ቀረ! ፍርዱን በጎመን ሰጡ።"

"ስለዚህ ደፋኸው።"

"እኔ? ቀኛዝማች ሌሊት የጎተራውን ቁልፍ ይዘው ከደጃቸው ያስተኙኛል። እስኪነጋ ሳስልባቸው ስላደርኩ ሲሰድቡኝ ነው የዋሉት። ጠይቃቸው።" ወደ ጥግ አመለከተ። "እኔ ደስ ያለኝ ለነዚያ ነው።"

ከጥጉ በጎች ታስረዋል።

"ከጎተራ ሲያልቅ ከገበሬው ላይ ነው የምንወስድ። ጭቃ ሹሙ በተራ ከየቤቱ ያመጣል። ቀጠሮው ስለ ፈረሰ ምናልባት ይመለሱ ይሆናል።"

"የጌጤ ዋስስ? የኔታ ቀለመወርቅ በቅሏቸውን አስይዘውላት የለም?"

"እሷ ራሷ ትቻለሁ ብትል በቅሎዋ የችሎት ትሆን ነበር። ሌባ ላጠፋው ነገር ግን ዋስ አይጠየቅም። ማንም አልተጎዳም።"

ባሻ ያንን ሲያሰላስል ቀኛዝማች ከእልፍኝ ወጡ። ጌጤንም አስጠርተዋታል፤ ከኋላቸው ቆማ ትጠብቃለች።

"ተገኘ?"

"ገና ነው ጌታዬ።"

"በደጄ የችሎት ነገር ሲደፋ ነገ በኔ ላይ ያወሩብኛል። ወርቁ ወጪ ፈርቶ አስደፋው ይሉኛል።" ጢማቸውን ነጩ። "አውጫጭኝ ይቀመጥ! ሰፈሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይውጣ። ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም።"

የጌጤ ፊት አመድ መሰለ።

"ጌታዬ፣ ሰዉ ገብሱን አጭዶ ሜዳ ላይ ጥሎታል። ደመናም አለ" አለች።

"ያንቺ ጠጅ አይደለም የተደፋው? ላንቺው ነው!"

ይህን ሁሉ ሲነጋገሩ ከበጎቹ አንዷ፣ እርጉዟ፣ ገመዷን እየጎተተች ወደ ጌጤ መጣች። ለደሳለኝ አልቀርብም ብላ ስትዋጋ የነበረች በግ የጌጤን መዳፍ ትልስ ጀመር። ጌጤ እጇን እሳት እንደ ነካው ሰብስባ ከነጠላዋ ሥር ደበቀች።

ባሻ አየ። የበጓ ግራ ጆሮ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፤ የባለቤቷ ምልክት ነው።

"ይቺ ከየት መጣች?" አለ፣ ጌጤ ከሄደች በኋላ።

"ከጋፋት ማዶ። ከአንዲት አሮጊት ቤት" አለ ደሳለኝ።

*

የኔታ ቀለመወርቅን ከቤተ ክርስቲያኑ ጥላ ሥር አገኛቸው።

"አዎ፣ ኪዳን ላይ ነበረች፤ አይቻታለሁ" አሉ። "ግን ከተጀመረ በኋላ ነው የመጣችው። ዓምዱን ተደግፋ ስታለቅስ ነበር። ለባሏ መስሎኝ ዝም አልኳት።"

"ሌላ ያዩት ነገር አለ?"

"የቀሚሷ ጫፍ እስከ ጉልበቷ ርሷል። ጤዛው ነዋ፤ የኔም ርሷል።" አሰቡ። "ማር ማር ትሸታለች። ጠጅ ጣይ ናት፣ ምን ይሽተት?"

"በቅሎዎ ልትሄድ ነበር እኮ የኔታ። ለምን ዋስ ሆኑላት?"

"ባሏ ከመዝመቱ በፊት ደሃ ተማሪዎቼን ያበላ ነበር። እሱ ከቀረ በኋላም እሷ ማብላቱን አልተወችም፤ ከየት እንደምታመጣው እንጃ።" በትራቸውን መሬቱ ላይ አሻሹ። "አያሌው፣ ልጂቱን አትንካብኝ።"

"እውነቱን ነው የምፈልገው።"

"እሱን ፈልግ። ግን ስታገኘው በእርጋታ ያዘው።"

*

ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ተቀምጧል። ወንዱ ባንድ ወገን፣ ሴቱ ባንድ ወገን። አራስ ሙላቴ ብቻ ቀረች። ደመናው ከጉና በኩል ወፍሯል፤ ሰው ሁሉ ዓይኑ ሌባው ላይ ሳይሆን ሰማዩ ላይ ነው።

"ገብሴ ከረጠበ ምን እበላለሁ?" ይላል አንዱ።

"ጠጅ!" ይለዋል ሌላው።

"ደፉት እኮ!"

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ጌጤ ብቻዋን ፊት ተቀምጣለች፤ ባለጉዳይ ናትና። እያንዳንዱ የሚያጉረመርም ሰው በጀርባዋ ላይ ድንጋይ የሚያስቀምጥባት ይመስል ትከሻዋ እየወረደ ሄደ። ሊያጽናናት የመጣ እንጂ የወቀሳት የለም፤ እሱ ነው የባሰባት።

ባሻ ከቀኛዝማች ዘንድ ቀረበ። "ጌታዬ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እመለሳለሁ።"

"ወዴት?"

"ጋፋት ማዶ።"

ጌጤ ይህን ሰማች። ቀና አለችና አየችው። ፊቷ ላይ ያየው ነገር ፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ ልመናም ነበረበት።

*

የጋፋትን ጭስ ከኋላው አድርጎ በበቅሎው ወረደ። ከመንደሩ ዳር ባለች ጎጆ ደጃፍ አንዲት አሮጊት ባቄላ ይፈለፍላሉ። አጠገባቸው በግ ያልታሰረበት ካስማ ተተክሏል።

"ከማን ቤት ነህ?" አሉት፣ ዓይናቸውን አጨንቁረው።

"ከሹሙ ቤት።"

"ሌላ በግ የለኝም።"

"በግ ልወስድ አልመጣሁም እማማ።"

"እንግዲያስ ቁጭ በል።" ባቄላ ዘግነው ሰጡት። "ጥሩወርቅ እባላለሁ። በጌ ደህና ናት? ስትቆጣ ትዋጋለች እንጂ ክፉ አይደለችም። ጨው ስትሰጣት ትለምዳለች።"

"ጨው የሚሰጣት ማነው?"

"ልጄ ናታ። የጡት ልጄ። እናቷ በአራስነቷ ሞተች፣ እኔም ልጅ ነበረኝ፤ አንድ አንድ ጡት አካፈልኳቸው። ልጄን ጦር በላው። እሷ ቀረችኝ።" ባቄላውን ትተው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። "ጌጤ ትባላለች። ከተማ ፈትል እየፈተለች ትኖራለች። በመጣች ቁጥር ለኔ ዘይት፣ ለበጓ አሞሌ ጨው ሳትይዝ አትመጣም።"

ባሻ ባቄላውን አልበላውም። "መቼ መጣች?"

"ከትናንት ወዲያ። 'እማማ መርቂኝ፣ ያሰብኩት ነገር አለ' አለችኝ። መረቅኋት፤ ባፌ ሙሉ መረቅኋት። ከዚያ ወዲያ ነው የበጓ ነገር ትዝ ብሎኝ አፌን ያበላሸሁት።"

"ምን ሆኑ?"

"ጭቃ ሹሙ ሲወስዳት 'ለምን?' ስለው 'አንዲት ሴት ጠጅ ካልሸጥኩ ብላ ይግባኝ ብላለች፤ ዳኞቹ ይበሉባታል' አለኝ። እርጉዝ በግ! አንድ ያለችኝን! ይህን ለጌጤ ነግሬ ያቺን ጠጅ ሻጭ ረገምኳት። 'ጋኗ ባዶውን ይደፋ' አልኩ።"

"ጌጤስ ምን አለች?"

"ምንም። ጉልበቴን ስማ ሄደች። እራትም አልበላች።"

ባሻ በመዳፉ ያለውን ባቄላ ተመለከተ። ከሩቅ የጋፋት መዶሻ ይሰማል። የረጠበው ቀሚስ፣ የተቀመጠው አምቡላ፣ ማንንም ያልጠረጠረች ሴት፣ የምትልሰው በግ፤ ሁሉም ከዚህ ደጃፍ መጥቶ ተቀመጠ።

"ምነው ዝም አልክ ልጄ?"

"የዚያች ሴት ጋን ዛሬ ጠዋት ተደፍቶ ተገኘ እማማ።"

ባቄላው ከጭናቸው ላይ ፈሰሰ።

"ጋኗ?"

"ባዶውን።"

"ወይኔ!" ደረታቸውን ያዙ። "አፌ ነው! አፌ ነው የደፋው! እኔ እኮ በጌን ወድጄ እንጂ ሴትዮዋን ምን አውቃታለሁ? እሷም የምታሳድገው ይኖራት ይሆናል። እሷም አልሞላላት ብሎ ይሆናል..." ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ዘረጉለት። "እሰረኝ። ወንጀለኛዋ እኔ ነኝ።"

ባሻ ብዙ እጅ አስሯል። እንደነዚህ ያሉ እጆች ግን ቀርበውለት አያውቁም፤ የባቄላ ልጣጭ ጣቶቹ ላይ ተጣብቋል። በሁለት እጁ ያዛቸውና መልሶ ጭናቸው ላይ አኖራቸው።

"አላስርዎትም።"

"ሰው አልጠረጠራችሁም? በኔ ኃጢአት የተንገላታ የለም?"

"ሰፈሩ ሜዳ ላይ ተቀምጧል።"

"እንግዲያ ሩጥ! ጥሩወርቅ ናት በላቸው። ሩጥ እንጂ!"

*

ሲደርስ ጠብታው ጀምሯል። ሰዉ ኩታውን ተከናንቧል። ጌጤ ግን ተነሥታ ቆማ ነበር።

"ጌታዬ ቀኛዝማች፣ ይህን ሕዝብ ይልቀቁት። ጠጁን የደፋሁት..."

"ተቀመጪ ጌጤ!" አለ ባሻ ከበቅሎው ላይ። "ተራው የኔ ነው።"

ጌጤ ተቀመጠች። ባሻ ወርዶ መሐል ገባ።

"ወፍ ነገረችኝ" አለ። በአውጫጭኝ እንዲህ ሲባል ማን ነገረህ ተብሎ አይጠየቅም። "አንዲት አሮጊት አለች። ያለቻት አንዲት በግ ናት፣ እሷም እርጉዝ። ለዳኞች ምሳ ብለን ወሰድንባት። አሮጊቷም የጠጅ ሻጯ ጋን ባዶውን ይደፋ ብላ ረገመች። ተደፋ። ዛሬ ስጠይቃት 'እኔ ነኝ፣ እሰረኝ' ብላ እጇን ዘረጋችልኝ። ከርሷ ሌላ ወንጀል የሠራ ያገኘሁ የለም።"

"እኔ ሰው ፈልግ ስልህ አንተ እርግማን ታመጣልኛለህ?" አሉ ቀኛዝማች።

"ሰው ነው ያመጣሁት ጌታዬ። አሮጊቷን አስሬ ላምጣት?"

ከሴቶቹ ወገን አበራሽ ድምፅዋን አወጣች። "ለጋኑ እንዲህ ከሆነ፣ በጓን ለሚበላው ሆድ ምን ልትል ነው?"

ለችሎቱ ከመጡት ዳኞች አንዱ ሳያስበው እጁን ሆዱ ላይ አደረገ። ሰዉ አየው፤ ሳቁ ከዝናቡ ቀድሞ ሜዳውን ሞላው።

ቀኛዝማች ግን አልሳቁም። ወደ ባሻ ጠጋ ብለው በዝግታ ጠየቁት። "ሹሙንም ረግማለች?"

"እስካሁን አልረገመችም።"

ቀኛዝማች ቀና አሉ። "በጓ ትመለስ! ሌሎቹም ለየባለቤታቸው ይመለሱ! ከእንግዲህ በጠጅ ይግባኝ የሚቀመጥ ዳኛ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይምጣ። ጌጤም ሌላ ጠጅ ትጣል፤ ሲደርስ ትቀርባለች። ሂዱ፣ ገብሳችሁን አንሡ!"

ሜዳው ባንድ ጊዜ ባዶ ሆነ። ደሳለኝ የበጎቹን ገመድ ሲፈታ ይዘፍን ነበር፤ ሲዘፍን ሲሰማ ያን ዕለት የመጀመሪያው ነው።

*

በጓን ጌጤ ይዛ ባሻ ተከትሏት ወረዱ። ዝናቡ አላመረረም፤ አካፍቶ አለፈ።

"መቼ አወቁ?" አለችው።

"አምቡላውን ሳይ ጠረጠርኩ። ለምን አስቀመጥሽው?"

"መጣል አልቻልኩም። ያን ሁሉ የንብ ልፋት።" ጥቂት ሄደች። "ብተወው የየኔታ በቅሎ ትሄዳለች። ብቀርብ የእማማ በግ ትታረዳለች። ሌባ ወሰደው ቢባል ማንም አይጎዳም ብዬ ነው። አውጫጭኝ ይቀመጣል ብዬ መች አሰብኩ?"

"ልትናገሪ ተነሥተሽ ነበር።"

"ገብሱ ሊረጥብ ነበራ።"

"ለእማማስ ለምን አልነገርሻቸውም? ያቺ ሴት እኔ ነኝ ብትያቸው..."

ጌጤ ቆመች። "በዚያው አፏ መርቃኝ ነበር እኮ ባሻ። ልጄን ረገምኩ ብላ ስታለቅስ ልያት?"

ባሻ ከዚያ ወዲያ አልጠየቃትም። ጎጆዋ ስትታይ "ከዚህ አንቺው ሂጂ" ብሎ ከዛፍ ሥር ቀረ።

እማማ ጥሩወርቅ የበጓን ድምፅ ሰምተው ወጡ። መጀመሪያ በጓን ዳሰሱ፤ ጆሮዋን፣ ሆዷን። ቀጥሎ ጌጤን አቅፈው አንገቷን ሳሙ። ሲስሙ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አሸተቷት።

"ማር ማር ትሸቻለሽ።"

ጌጤ ፊቷን ትከሻቸው ውስጥ ደበቀች።

"ፈትል ማር ይሸታል እንዴ?"

ጌጤ አጥብቃ አቀፈቻቸው። እማማ ጥሩወርቅ ራቅ አድርገው አዩዋት፣ መልሰው ወደ ደረታቸው ሳቧት። ከዛፉ ሥር የቆመውን ባሻን ያዩት አይመስሉም ነበር፤ ግን ለእሱም እንዲሰማ ጮክ አሉ።

"ያቺን ጠጅ የምትጥለዋን ሴት ብታገኚያት፣ ጥሩወርቅ ፈትታሻለች በያት። የረገምኩትን በአምላክ ስም አንሥቻለሁ። ጋኗ እስካፉ ይሙላ በያት።"

"እሺ እማማ" አለች ጌጤ። "እነግራታለሁ።"

*

አዲሱ ጠጅ በዚያው አምቡላ ተጥሎ ደረሰ። ዳኞቹ ስንቃቸውን በየአገልግላቸው ይዘው መጡ፤ የራሳቸውን እየበሉ መቆየት ስላልጣማቸው ነገሩ ከምሳ በፊት አለቀ። ጌጤ ተፈቀደላት። እብናት መውረዱም ቀረ።

በማግስቱ አንድ ቅል ጠጅና አንድ ዋንጫ ይዛ ጋፋትን ተሻገረች። በጓ ወልዳ ነበር፤ ግልገሉ ገና እግሩ አልጸናም። ጌጤ እንደ ወጉ ከጠጁ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ራሷ ቀመሰች፤ ከዚያ ዋንጫውን በሁለት እጇ አቀረበች።

እማማ ጥሩወርቅ ሳይጠይቁ ተቀበሉ። ጠጡ። አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ዋንጫውን መልሰው ዘረጉላት።

"ፈትልሽ መልካም ነው" አሉ። "እስቲ ድገሚኝ።"